ባሕሩ ሲሄድ ማን ጠየቀን? «ይመጣል» ሲባልስ?

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ደግሞ የማውቀው የሳንሱሲን ልጅ ነው። ሳንሱሲ ከአስኮ አልፈው ወደ ቡራዩ ሲወጡ የምትገኝ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ጥግ ላይ የተለጠፈች ሰፈራችን ናት። ስሟ በፈረንሳይ አፍ ሲጠራ «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» እንደማለት ነው። ስም ይሏል ይኼ ነው! ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ቢጫ ጀሪካን ከሰው እኩል ሌሊት ሰልፍ የሚይዝበት፣ ታክሲ ለመሳፈር ክርን የሚያስፈልግበት ሰፈር «ያለ ሐሳብ» ከተባለ፣ ሐሳብ ያለበት ሰፈርማ ምን ሊባል ነው?

በዚህ ሰፈር ከጥቅምት 2016 ዓ.ም ወዲህ ትልቁ ወሬ የቧንቧ ውሃ መሆኑ ቀርቶ ቀይ ባሕር ሆኗል። በዚያ ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ቀይ ባሕር መነጋገር ነውር መሆን እንደሌለበት ካስረዱ ጀምሮ ጠላ ቤቱም ጀበና ቡናውም በአድሚራል ተሞልቷል። ጀሪካን ተራ አስይዞ የቆመ የሰፈራችን ጎረምሳ ሳይቀር «አሰብ? የአንድ ሳምንት ሥራ ናት!» ይላል። ባሕር አይቶ ያውቃል? አያውቅም። አሰብ በየት በኩል እንደሆነች ያውቃል? እሱንም እንጃ። አልፈርድበትም። እኔም ሠላሳ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ትልቅ ውሃ ሲባል በዓይነ ሕሊናዬ የሚመጣው ከሰፈራችን ከፍ ብሎ ያለው የገፈርሳ ግድብ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ባሕሩን በዓይኑ አይቶታል። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ ግን የምጠይቀው ጥያቄ አለኝ፤ የምጠይቀውም ጎረምሳውን ሳይሆን ትላልቆቹን ነው።

ምፅዋን ያየሁ ለታ

ጊዜው ጥቅምት 2011 ነው። ያን ሰሞን አገሩ በደስታ ሰክሮ እንደነበር አትዘነጉትም። ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫው ተፈረመ። ሐምሌ 11 ቀን ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ አውሮፕላን አስመራ አረፈ። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላንበሳና ቡሬ ላይ ድንበሩ ተከፈተ። ሃያ ዓመት የተለያየ እናትና ልጅ ሲላቀስ በቴሌቪዥን አየን፤ አብረንም አለቀስን። እኔም በግሌ ለምሠራ ሰው ጽሑፍ እየተለካ የምትከፈለኝን ሳንቲም አጠራቀምኩ፤ የጎደለውን ከእህቴ ተበድሬ ቲኬት ቆረጥኩ።

ልሄድ ስል የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ አስጠሩኝ። ወጣትነታቸውን በባሕር ኃይል መርከበኛነት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ደርግ ወድቆ ባሕር ኃይሉ ሲበተን እንግዲህ መርከበኛ ሳንሱሲ ላይ ምን ይሠራል? የወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆነው ኖሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ምንም አምጣልኝ አልልህም። ጉርጉሱም ሂድና አሸዋው ላይ ቁጭ ብለህ አንዲት መሎቲ በኔ ስም ጠጣልኝ።»

«እሺ ጋሼ» ብዬ ሄድኩ።

ከአስመራ እስከ ምፅዋ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ተነሥታችሁ እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ ትወርዳላችሁ። መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ ግራ ቀኙ በለስ ነው። ጠዋት አስመራ ላይ ጃኬት ለብሼ ነበር የተሳፈርኩት። የደብረ ቢዘን ገዳም ካለበት ተራራ ሥር ነፋሲት ስንደርስ ጃኬቱን አወለቅኩ። ጊንዳዕ ላይ ሹራቡ ተከተለ። ዶጋሊን ስናልፍ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ዶጋሊ እኮ ዝም ብላ የምትታለፍ ቦታ አይደለችም፤ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም አምስት መቶ የሚያህል የጣሊያን ጦር የደመሰሱባት ናት። ሾፌራችን ግን «እዚህ ጋ ነው» ብሎ በእጁ ጠቆመኝና መንዳቱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ መሬቱ አለቀ። መጀመሪያ ሰማዩ ወርዶ መሬት የነካ ነበር የመሰለኝ። «ባሕሩ ነው» አለኝ ሾፌሩ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደሚናገር ቀለል አድርጎ። ምን ልበላችሁ? ገፈርሳ ማዶ አለው። ላንጋኖ ማዶ አለው። ጣናም ቢሆን ማዶው ባይታይም ማዶ እንዳለው እናውቃለን። ይኼኛው አሻግሮ የሚወስደው ወደ ዓለም ሁሉ ነው። ያኔ ነው «የባሕር በር» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። በር ነው!

ምፅዋ ማለት ከየብሱ ጋር በጠባብ መንገድ የተያያዙ ሁለት ደሴቶችና ዳርቻቸው ናት። አሮጌው ከተማ ከባሕር ውስጥ በተፈለፈለ የኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው፤ በረንዳውና መስኮቱ የቱርክ እጅ ያለበት ነው። ቱርኮች እ.ኤ.አ. በ1557 መጡ፤ ከእነሱ በኋላ ግብፆች ገቡ፤ በ1877 ዓ.ም ደግሞ ጣሊያን ወረሳት። ከዚያ እንግሊዝ መጣ፤ ከዚያም እኛ። ሁሉም በየተራው «የኔ ናት» ብሏል። ከተማይቱ ግን ሁሉንም ሸኝታ አለች።

የየካቲት 1982ቱ ጦርነት ጠባሳ ያኔም አልዳነም ነበር። የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ጉልላቱ እንደተመታ ቆሟል። ቅስቱ የወደቀ፣ ግድግዳው በጥይት የተበሳሳ ቤት እንደልብ ነው። ሻዕቢያ ለድሉ መታሰቢያ ያቆማቸው ሦስት ታንኮችም አሉ። እነዚያ ታንኮች ፊት ስቆም የተሰማኝ ነገር ድልም ሽንፈትም አይደለም። ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከሸዋ ሄዶ እዚያ አሸዋ ውስጥ የቀረው ወታደር እናት አለችው። ከሐማሴን፣ ከሳምሃር መጥቶ የወደቀውም እናት አለችው። እኔ ያኔ ጡት የምጠባ ልጅ ነበርኩ። እኩዮቼ ግን ወዲህም ወዲያም አባት አልባ ሆነው አድገዋል።

«ልትወስዱት ነው ወይስ ልታዩት?»

ጉርጉሱም ከከተማዋ ወደ ሰሜን ትንሽ ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ብዙ ርቀት ገብታችሁም ከጉልበት አያልፍም። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። እንደ ሕፃን ልጅ በእጄ ቀድቼ ቀመስኩት። ጨው ነው! ሲባል የሰማሁት ሁሉ እውነት ሆኖ ብቻዬን ሳቅኩ። የየመን ሰዎች ወግ በሆነው አሠራር ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ በጭቃ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ። ከዚያ አደራዬን ላደርስ «እባክሽ አንድ መሎቲ» አልኩ።

አስተናጋጇ ሳቀች። «ወንድሜ፣ መሎቲ እኮ ድሮ ቀረ፤ አሁን አስመራ ቢራ ነው የሚባለው» አለችኝ። አማርኛዋ ከኔ አማርኛ ይጠራል። የት እንደተማረችው ብጠይቃት አዲስ አበባ መወለዷን ነገረችኝ። ልጅ እያለች በ1990ው ጦርነት ጊዜ ከወላጆቿ ጋር በአውቶቡስ ተጭነው ተባረሩ። ያን ጊዜ ከዚህ ወደዚያ በአሥር ሺዎች ተባረዋል፤ ከዚያ ወደዚህም እንዲሁ በአሥር ሺዎች ተባረው መጥተዋል። «አውቶቡስ ተራ አሁንም እንደዚያው ግርግር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንደዚያው ነው አልኳት።

ሂሳብ ስከፍል በቀልድ መልክ አንድ ነገር ጣል አደረገች። «ባሕሩን ልትወስዱት ነው ወይስ ልታዩት ነው የምትመጡት?»

«እኔስ ላየው ነው» አልኩ።

«ለማየት ከሆነማ ቤትህ ነው» አለች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይችን ጥያቄ ይዤ ነው ሳንሱሲ የተመለስኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር የተባለውን ሁሉ የምሰማው በዚያች ልጅ ጆሮ ነው።

ባሕሩ እንዴት ሄደ?

እውነት እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መጀመሪያ ያልተጠየቁት ኤርትራውያን ናቸው። በ1945 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ የተጀመረው ፌዴሬሽን በኅዳር 1955 ሲፈርስ በሕዝብ ድምፅ አልፈረሰም። ውጤቱ ሠላሳ ዓመት የዘለቀ ጦርነት ሆነ። በሚያዝያ 1985 ሲጠየቁ ደግሞ 99.8 በመቶው «ነፃነት» ብለው መለሱ። መልሳቸውን ማክበር ግድ ነው። ከዚያ ውሳኔ ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ ከወዲህኛው ወገን ጋር ነው። በሰኔ 1983 አዲስ አበባ ላይ በተጠራው ጉባኤ የኤርትራ ጉዳይ በሪፈረንደም እንዲያልቅ ኢሕአዴግና አብረውት የተሰበሰቡት ተስማሙ። ይሁን። ግን የኢትዮጵያ ሕዝብ ስለ ባሕር በሩ ምን ተጠየቀ? ምንም! ወደቡን እንዴት እንጠቀማለን፣ ዋስትናው ምንድነው፣ ነገ ጠብ ቢመጣስ ብሎ የጠየቀ የትምክህተኛ ስም ወጣለት። በዚያ ዘመን መንግሥትን የሚያስቀይም ነገር የጻፈ አዘጋጅ በፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34/1985 እየተከሰሰ ከርቸሌ ይወርድ ነበር። አሰብን እንደፈለግን እንጠቀማለን ተባለ፤ እስከ 1990 ተጠቀምንም። በግንቦት 1990 ባድመ ላይ ተኩስ ሲከፈት ያ ሁሉ «እንደፈለግን» በአንድ ጀምበር ተነነ። ሁለቱ መሪዎች ትናንት ወዳጅ፣ ዛሬ ጠላት ሆኑ። በመካከሉ ከሁለቱም ወገን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት ረገፈ። ከዚያ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ዕቃችን በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ዶክተር ያዕቆብ ኃይለማርያም «አሰብ የማን ናት?» ብለው መጽሐፍ ሲጽፉ እንኳ ከቤተ መንግሥት በኩል የተሰጠ መልስ አልነበረም፤ ዝምታ ብቻ።

ልብ በሉ! ባሕሩን ያሳጣን የመሪዎች ጠብ ብቻ አይደለም። የመሪዎች ፍቅርም ነው። ሲዋደዱ ወረቀት አያስፈልገንም አሉ፤ ሲጣሉ ወረቀት አልነበረም።

«ይመጣል» ሲባልስ?

ታዲያ ከዚያ ምን ተማርን? እስቲ እንቁጠር።

በየካቲት 2010 ከበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ አገኘን ተብሎ ተጨበጨበ። በሰኔ 2014 ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ባለማሟላቷ ድርሻውን ማጣቷን ሰማን። ከማን ሰማን? ከሶማሌላንድ ሚኒስትር! ስናገኝ በከበሮ፣ ስናጣ በሹክሹክታ።

ከአስመራ ጋር ሰላም ወረደ፤ ሁለቱ መሪዎች ተቃቀፉ። የቀረጡ፣ የገንዘቡ፣ የወደቡ ዝርዝር ግን ሕዝብ ፊት አልቀረበም። እንደገና ወረቀት አያስፈልገንም! የተከፈቱት ኬላዎች ዓመት ሳይሞላቸው ከወዲያ በኩል አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ለምን ተዘጉ ብሎ ለሕዝቡ ያስረዳ ሹም ወዲህም ወዲያም አልተገኘም። ከዚያ በጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት መጣ፤ የኤርትራ ጦርም ገባበት። ያ መተቃቀፍ ለማን እንደጠቀመ የትግራይ እናት ትናገር።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ደግሞ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ተባለ። ሰነዱን ያየ አለ? ሕዝብ አላየውም። ሶማሊያ ተቆጣች፣ አካባቢው ታመሰ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር የስምምነት መግለጫ ወጣ። የመጀመሪያው ሰነድ ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ እስካሁን እየጠየቀ ነው። በመካከሉ ነሐሴ 28 ቀን 2016 የአስመራ በረራ ቆመ። እኔ የሄድኩባት መንገድ ተዘጋች ማለት ነው። ባሕሩን ለማየት እንኳ የሚሆን በር ጠፍቶ ሳለ በየማኅበራዊ ሚዲያው ባሕሩን ለመውሰድ የሚያቅራራው በዛ። አይ አገር!

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቦሊቪያ እ.ኤ.አ. በ1879 በተጀመረው ጦርነት ጠረፏን በሙሉ በቺሊ ተነጠቀች። ከመቶ ዓመት በላይ አልቅሳለች። በየዓመቱ የባሕር ቀን ታከብራለች፤ ቲቲካካ ሐይቅ ላይ ባሕር ኃይል አላት። ጉዳዩን ሔግ ወስዳ ተሟገተች፤ እኔ ምፅዋ ልሄድ ስሰናዳ፣ መስከረም 21 ቀን 2011፣ ፍርድ ቤቱ ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ ፈረደ። ዘፈንና ሰልፍ ባሕር አያመጣም። እኛም በ1988 ያፈረስነውን ባሕር ኃይል ከ2010 ወዲህ መልሰን ማቋቋም ይዘናል። ደግ ነው። ግን ከመርከቡ በፊት ውሉ ይቅደም።

ታዲያ ዝም እንበል?

«ይኼ ሰውዬ ምን እያለ ነው? ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ታፍኖ ይቅር ነው የሚለው?» የሚል አይጠፋም። አላልኩም። ከዓለም ባሕር አልባ አገሮች መካከል በሕዝብ ብዛት የሚስተካከለን የለም። ከቡሬ ኬላ እስከ አሰብ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሳንሱሲ ላይ አንዲት እናት የምትገዛው ዘይትና ሳሙና ውስጥ የወደብ ኪራይ አለበት፤ ማዳበሪያ የሚጠብቀው ገበሬም ይከፍለዋል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ስምምነትም በአንቀጽ 125 ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመውጣትና ከባሕር የመግባት መብት እንዳላቸው ይናገራል፤ ዝርዝሩ ግን ከአሳላፊው አገር ጋር በስምምነት ይወሰናል ይላል። በስምምነት! በታንክ የሚል ቃል የለበትም።

ታንክማ ሞክረነዋል። ሦስቱ ምፅዋ ላይ ቆመዋል፤ ሄዶ ማየት ነው። ነገ ልጆቻችን ሄደው ቢያልቁ ባሕሩን የሚያገኘው ማነው? ቢገኝስ ያች አስተናጋጅ «ቤትህ ነው» ትለናለች?

አስመራ ላይ ያሉትም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም። ወጣቱን ማብቂያ በሌለው ውትድርና አስረው፣ በራቸውን ባሰኛቸው ጊዜ ከፍተው ባሰኛቸው ጊዜ እየዘጉ፣ አሰብን ያለ ሥራ አስቀምጠው ዘመን ቆጥረዋል። ወደብ እህል ካላራገፈ የጨው መሬት ነው። ይኼ ለእነሱም ሕዝብ ኪሳራ ነው። የእነሱ ጥፋት ግን የእኛን ሹሞች ከተጠያቂነት አያድንም።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ስለ ወደብ የተፈረመ ማንኛውም ወረቀት በይፋ ይውጣ፤ ሕዝብ የማያውቀው ውል ለሕዝብ አይቆምም። ሁለተኛ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥይት ከመተኮሱ በፊት የሚተኮስበትና የሚተኩሰው ልጅ እናት ትጠየቅ፤ ምክር ቤት የሚባለውም ከማጨብጨብ ሌላ ሥራ እንዳለው ያሳይ። ሦስተኛ፣ ከወደቡ በፊት መንገዱ ይከፈት። ነጋዴው ይሂድ፣ ዘመድ ከዘመዱ ይገናኝ፣ ጎረምሳው ሄዶ ባሕሩን አይቶ ይምጣ። የተዋወቀ ሕዝብ የሚዋዋለውን ውል ጄኔራል በቀላሉ አያፈርሰውም።

ከምፅዋ የተመለስኩ ለታ ሽማግሌው በራቸው ላይ ነበር የጠበቁኝ። «ጠጣህልኝ?» አሉ። «ጠጣሁ ጋሼ፤ ግን መሎቲ አይደለም አሉኝ» አልኩ። ሳቁ። «ስሙ ይለወጥ፤ ውሃው ያው ነው» አሉ።

ያ «አሰብ የአንድ ሳምንት ሥራ ናት» የሚለው ጎረምሳ የእሳቸው የልጅ ልጅ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ማለትም ለውትድርና የደረሰ። በቀደም ጀሪካኑን ይዞ ሲፎክር ሰምተው ወደኔ ዞር አሉና «ልጄ፣ ይኼን ልጅ እዚያ መላካቸው ካልቀረ» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ደርሶ መልስ ቲኬት ይቁረጡለት።»

ልብ ያለው ልብ ይበል።